የመኪና ከባድ፣ የብስክሌት ከባድ

ወሰን ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባዬ፣

ካቴናዋ የተበጠሰችው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ እሑድ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። "ቷ!" አለች፣ እንደ ደረቅ እንጨት። እግሬ ክብደት አጣ። ፔዳሉ አየር የሚረገጥ ይመስል ዝም ብሎ ወረደ፤ ለአንድ አፍታ የምበር መሰለኝ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲያብረቀርቅ፣ ጉሙ ከበላዬ እንደ መጋረጃ ሲከፈት አየሁ። ቀጥሎ ያየሁት ኮረኮንቹን ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጀመርኩ ይቅር በለኝ። አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አለህ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ለምን ለኢድ አትመጣም? እኛ ደህና ነን። "ደህና" ስል ጉልበቴ ላይ ካለው ቁስል በቀር ማለቴ ነው። እማዬ ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃና በጨው ታጥብልኛለች፤ በእያንዳንዱ እጥበት አንድ ጊዜ ትረግመኛለች፣ አንድ ጊዜ ትመርቀኛለች።

"አስቴርን ቀደምሻት ወይ?" ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ። የቡድናችንን ፈጣን ልጅ አልቀደምኳትም። ለምን እንዳልቀደምኳት እንዲገባህ ግን ስለ ማርሽ ማወቅ አለብህ። አንተ የተሳቢ ሾፌር ነህና ማርሽ ላስተምርህ ማለቴ ያስቅህ ይሆናል። ሳቅ፣ ግን አንብበው።

የቀበሌያችን የንጋት ኮከብ ቡድን ብስክሌቶች ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አምስት ጥርሳም ክቦች አሏቸው። ካቴናዋ ከኋላ ትልቁ ክብ ላይ ስትወጣ ፔዳሉ ለእግር ይቀላል፤ እግር ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ጥቂት ይሄዳል። ይህን "ቀላል" እንለዋለን። ትንሹ ክብ ላይ ስትወርድ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ አንድ ዙር ግን ሩቅ ይወስዳል። ይህን "ከባድ" እንለዋለን። ለዳገት ቀላል፣ ለሜዳና ለቁልቁለት ከባድ። ያስተማሩን እዚሁ ወሰን ጋራዥ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግኑት ጋሼ ባፈና ናቸው። "ዳገቱ ሳያይሽ ቀይሪ" ይሉናል። ገና ሜዳው ላይ ሳለሽ ማለታቸው ነው። "ስትቀይሪም ፔዳሉን ማዞር አታቁሚ፣ ጫናውን ብቻ አላዪው፤ ካቴና የሚበጠሰው እየተጫኑ ሲቀይሩ ነው" ይላሉ።

ከጥር ወዲህ ግን አሠልጣኛችን ጓድ ፀሐዬ ሆነዋል። ከየት እንደመጡ በደንብ አናውቅም። ብስክሌት ላይ ወጥተው አይተናቸው አናውቅም። የሚያሠለጥኑን ላንድሮቨር ውስጥ ሆነው በመስኮት እየጮኹ ነው።

እሑድ ለአብዮቱ አሥረኛ በዓል መስከረም 2 አደባባይ ላይ የሚወዳደሩት ሁለት ልጆች የሚመረጡበት ቀን ነበር። ሰባት ሆነን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሣን። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ ሁለተኛ ነበርኩ፤ አስቴር ሃያ እርምጃ ያህል ትቀድመኛለች። ማርሼን ከታች አስተካክዬ ስለመጣሁ ትንፋሼ አልተቆራረጠም። ልደርስባት ነበር፤ እምልልሃለሁ። ያን ጊዜ ላንድሮቨሩ አጠገቤ መጣ። ጓድ ፀሐዬ እስከ ወገባቸው በመስኮት ወጥተው፣

"ከባድ! ዘሙሩድ! ከባድ አስገቢ!" አሉ።

ዳገት መሐል? በጭንቅላቴ "አይሆንም" አልኩ። እጄ ግን ታዘዘ። ማንሻውን ገፋሁት፣ ካቴናዋ ወደ ትንሹ ክብ ወረደች፣ ፔዳሉ ቀጥ አለ። ተነሥቼ በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። ቷ!

ትናንት ማታ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ፀሐዬ ተነሥተው፣ "ከባድ አስገቢ ብዬ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ። ሆን ብላ ተቃራኒውን አደረገች። የሕዝብ ንብረት ሰበረች። ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር?" አሉ።

"ከባድ ነው ያስገባሁት!" አልኩ።

"ከባድ ብታስገቢ ኖሮ እንደ ልብ ትወጪው ነበር! ውሸታም!"

አስቴርን አየኋት። የጫማዋን ማሰሪያ ትቆጥራለች። የቀበሌው ኮሚቴ እስከ ሐምሌ 30 ግለ ሂሴን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ተነሥቼ እንዳነብ ወሰነ። ካነበብኩ ወደ ቡድኑ እመለሳለሁ፤ ምርጫውም በአዲስ ይታያል። ካላነበብኩ ከቡድኑ እወጣለሁ፣ "አሻጥር" የሚለው ቃል ከስሜ ጋር ተጽፎ ወደ ላይ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ እንደሚያስፈልገኝ ታውቃለህ።

የሚያስቅም አለ። ባለሱቁ ዱጋሳ ለእማዬ "ልጅሽ እንጦጦ ላይ ካቴና በጠሰች" ብሎ ነገራት። እማዬ እጄን አስረው ሲወስዱኝ የፖሊስ ካቴና በጥሼ ያመለጥኩ መስሏት ነጠላዋን ሳትለብስ እያለቀሰች ወጣች። ብስክሌት እየገፋሁ ስታየኝ በመጀመሪያ ሳመችኝ፣ ቀጥላ በጥፊ አለችኝ።

አንድ ነገር ንገረኝ፣ አባዬ። ሰው የታዘዘውን አድርጎ "ተቃራኒውን አደረግህ" ሊባል ይችላል? አብጄ ነው?

ልጅህ ዘሙሩድ


አሰብ
ሰኔ 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሙሩድ፣ ወአለይኩም ሰላም። እናትሽን እጅ ንሺልኝ። ጉልበትሽ ላይ ዱቄት ነገር እንዳትነሰንሺ፤ ንፋስ ያግኘው።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ጉተማ በእጁ ሰጠኝ። ጋቢናው ውስጥ ዘይት ነክቶት ሁለት ቃል ጠፍቷል፤ የቀረውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ረመዷን ገብቷል። እዚህ ጾም ማለት ውሃ ማለት ነው። ቀን ቀን ስለ ውሃ እናስባለን፣ ማታ ስለ ውሃ እናወራለን። ስተኛ ደግሞ የየካን ዝናብ በሕልሜ አያለሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እሰማውና ስነቃ ባሕሩ ነው።

ለጠየቅሽኝ፦ አላበድሽም። ሰውዬው ቀድሞ ሾፌር ነበር? እንደነበር ልማልልሽ እችላለሁ። እንግዲህ እኔም ላስተምርሽ። በእኛ ቋንቋ ከባድ ማርሽ ማለት አንደኛና ሁለተኛ ነው፤ መኪናው ጭነቱን የሚጎትትበት፣ ጉልበት ያለው። ቀላል የምንለው አራተኛና አምስተኛን ነው፣ ለሜዳ። ዳገትም ቁልቁለትም በከባድ ነው። ጣርማ በር አናት ላይ "ከባድ ማርሽ ይጠቀሙ" የሚል ሰሌዳ አለ። ያንቺ ጋሼ ባፈና ማርሹን በእግር ይመዝኑታል፤ እኛ በጭነት እንመዝነዋለን። ጓድሽ "ከባድ" ሲልሽ ያንቺን ቀላል ማለቱ ነበር። አልዋሸም። አንቺም አልዋሸሽም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ስቄ ስቄ ጾሜን ልፈታ ነበር።

አሁን ስሚኝ። ሂጂና ለብቻው ንገሪው። ሰው ፊት አይሁን፤ ቀስ ብለሽ፣ በአክብሮት። ካልሰማሽ ግን ፈርሚ። ወረቀት ነው። ወረቀት አይቆረጥምም። እኔ ስላንቺ እሰጋለሁ እንጂ ስለ ብስክሌት አይደለም።

"ለምን ለኢድ አትመጣም?" ላልሽው ጭነት በዝቷል። ባለፈው ሳምንት ጣርማ በርን በጉም አለፍኩት። መብራት አብርቼ፣ በአንደኛ፣ እንደ ኤሊ። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ጎኔ ተቀመጠ፤ ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝ። ከታች የደብረ ሲና መብራቶች እንደ ፍም ይታያሉ። መኪናው ሲያጓራ ትንፋሹን ከትንፋሼ መለየት አቃተኝ። ከባቲ በታች መንገድ ዳር ስለሚታየው ሕዝብ ግን አልጽፍልሽም። አትጠይቂኝ።

አባትሽ ነጅመዲን


ወሰን ሰፈር
ሰኔ 13 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አልሳቅሁም፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ እንዳልከኝ ለብቻቸው፣ እንዳልከኝ በአክብሮት ሄድኩ። "ምን አለሽ?" ብለህ መጠየቅህ ስለማይቀር አንድ በአንድ እጽፍልሃለሁ።

ጓድ ፀሐዬ የካ ሚካኤል አጠገብ ባለው መጋዘናችን ውስጥ ጎማ ይቆጥሩ ነበር።

"ጓድ ፀሐዬ፣ ቀድሞ የምን መኪና ነበር የሚነዱት?"

"ተሳቢ። አሥራ አንድ ዓመት። ምነው?"

"ተሳቢ ላይ ከባድ ማርሽ የቱ ነው?"

"አንደኛ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

አንዲት ብስክሌት ገልብጬ በኮርቻዋ አቆምኩና ካቴናዋን ትልቁ ክብ ላይ አወጣሁ። "እስቲ ይህን በእጅዎ ያዙሩልኝ። ቀለለዎ ወይስ ከበደዎ?"

"ቀለለኝ።"

ወደ ትንሹ አወረድኳት። "ይኸኛውስ?"

"ይኼ ከበደ።"

"እኛ ብስክሌት ላይ ከባድ የምንለው እሱን ነው። እሑድ ከባድ ሲሉኝ ያስገባሁት ይህን ነው።"

ፔዳሉን አንድ ጊዜ አዞሩት። ደግመው አዞሩት። ከዚያ አባዬ፣ ሰውዬው ሳቁ! ከሆዳቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ። "እኔኮ አንደኛ ማለቴ ነው! አንደኛ! በዚህ ነው ያን አቀበት ልትወጪ የሞከርሽው? ጀግና ነሽ እኮ!" አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ጎማ ላይ ተቀምጠን እንደ አጎትና ልጅ ሳቅን። ያ ቅጽበት ደስ የሚል ነበር፤ አልክድም።

"እንግዲያው ለኮሚቴው እንንገራቸው" አልኩ።

ሳቁን እንደ መሐረብ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ምን ብለን? ፀሐዬ አምስት ወር ሙሉ የማያውቀውን ሲያሠለጥን ነበር ብለን?"

"የቃል ስሕተት ነው ብለን።"

"ስሚኝ የኔ ልጅ። አንቺ ብትፈርሚ ተማሪ ነሽ፣ አጠፋች ይባላል፣ ይረሳል። እኔ ብፈርም የት እሄዳለሁ? አንድ ገጽ ጻፊ። እኔ ራሴ ተነሥቼ አመሰግንሻለሁ። ይህን የከባድና የቀላል ነገር ደግሞ ለሰው እንዳታወሪው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስተው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እያወቁ ነው። ልዩነቱ ይገባሃል?

አስቴርንም ቧንቧ ጋ አገኘኋት። "አንቺም ከፊቴ ነበርሽ፣ አንቺንም 'ከባድ' ብለውሽ ነበር፤ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ብለውኛል" አለች፣ ባልዲዋን እያየች። "እኔ እጄን ማንሻው ላይ አሳርፌ የቀየርኩ መሰልኩ እንጂ ቀላሉ ላይ እንዳለሁ ነው የወጣሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ዘሙዬ። አንቺን ማን ስሚያቸው አለሽ?"

አባዬ፣ ከቁስሌ ሁሉ የነደደኝ ይህ ነው። ከሰባታችን የታዘዝኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለመታዘዝ የተከሰስኩትም እኔ ነኝ።

ሌላ ነገር። ጉተማ ደብዳቤህን ሲያቀብለኝ፣ "አባትሽ ሁልጊዜ የዴፖው በር ላይ ነው የሚቆየኝ፤ ሳልደርስ መዝጊያውን ይከፍትልኛል" አለ። ሳቅሁና "የትኛው በር? እሱ መንገድ ላይ አይደል እንዴ?" አልኩት። ጉተማ ፊቱ ቀላ። ጨው ረስቻለሁ ብሎ ሄደ። ጨው አልረሳም፤ ጨውን ለእማዬ ቀድሞ ሰጥቷታል።

የጣርማ በሩን ጉም ደግሜ አነበብኩት። በጣም ያምራል። መልስልኝ።

ዘሙሩድ


ወሰን ሰፈር
ሰኔ 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባዬ፣

ኢድ ያለ ደብዳቤህ አለፈ። እማዬ ጠዋት ሰሐንህን አጥባ ከእኛ ጋር ደረደረችው። መልስህ ስላልደረሰኝ ያልጠየቅኸኝን እመልሳለሁ።

አዎ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። በሕልሜ ዳገቱ አያልቅም፤ ግን አይደክመኝም። ጎማዬ መሬት ሳይነካ በባሕር ዛፉ ጫፍ ጫፍ እወጣለሁ። ከታች መኪና ይጮኻል፤ የሚለው ግን አይሰማኝም።

ጋሼ ባፈና የራሳቸውን ብስክሌት ሰጥተውኛል። ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች የገጣጠሟት ናት። ስሟ "ሦስቴ" ነው። አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ቀይ ነበረች፣ የሦስተኛዋን ቀለም ማንም አያስታውስም። ከኋላ አምስት ማርሽ አላት። "የሕዝብ አይደለችም፣ የመንግሥት አይደለችም፤ ብትሰብሪያት የምትጣዪው ከኔ ጋር ብቻ ነው" አሉኝ።

ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ይተን ነበር። ገና ሜዳው ላይ ሳለሁ፣ አቀበቱ ጉም ውስጥ ተደብቆ ሳያየኝ፣ ጫናዬን አላላሁና ማንሻውን ሳብኩ። ጠቅ አለች። ካቴናዋ አንድ ክብ ወደ ላይ ስትወጣ እግሬ ሥር ተሰማኝ፤ ሰው ደረጃ ሲወጣ እንደሚሰማው ማለት ነው። ከኮርቻዬ አልተነሣሁም። ሦስት ዙር ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ሦስት ዙር ወደ ውጭ። አቀበቱ ገና ሳይብስ ደግሞ አንድ አቀለልኩ። ፍጥነቴ ቀነሰ፤ የእግሬ ዙር ግን ያው ነበር። ምስጢሩ ይኸው ነው፣ አባዬ። እግር ዙሩን ይጠብቃል፣ የቀረውን ማርሹ ይጨነቅበት።

ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ። ጎንበስ ብለው፣ የባሕር ዛፉ ጭነት ከጀርባቸው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ። አንዷ ቆም ብላ አየችኝና፣

"አንቺ! ምንም ሳትሸከሚ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?" አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

"ራሴን ተሸክሜ ነው!" አልኳት።

"እሱማ ከባድ ነው" አለችና አለፈች።

ዞር ብዬ አየኋቸው። እርምጃቸውን አሳጥረው፣ አብዝተው፣ ሳይቸኩሉ ነው የሚረግጡት። ዙራቸውን ይጠብቃሉ። ማንም በመስኮት አልጮኸላቸውም፤ ያወቁት በጉልበታቸው ነው።

ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የወደቅሁበትን ቦታ አላወቅሁትም። ሣር በቅሎበታል። ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ስደርስ ከተማው ሁሉ ከጉም በታች ነበር፤ አንድም ጣሪያ አይታይም። ነጭ ባሕር መሰለኝና አንተ ትዝ አልከኝ። ገልብጬ ያቆምኳት የሦስቴ ጎማ በነፋስ ብቻውን ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ትር ትር ትር። ለካ ሰው ካልጮኸብኝ ዳገቱን አውቀዋለሁ።

ሐምሌ 30 እየቀረበ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። እስካሁን ያለበት ስሜ ብቻ ነው።

አባዬ፣ በሩ ላይ ምን ትሠራለህ?

ዘሙሩድ


አሰብ
ሐምሌ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ፣

ኢድ ሙባረክ፤ አልፎም ቢሆን። ስለቆየሁ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ይህን አልቀደውም፤ ጉተማ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ለጠየቅሽኝ፦ እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። ዘበኛ ነኝ። መሪ ከያዝኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሾፌሮቹ ሲገቡ ሻይ አፈላላቸውና መንገዱን አስተርካቸዋለሁ። ከዚያ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። የጣርማ በሩ ጉም የጉተማ ነው። ጎኔ የተቀመጠው ብቻ የኔ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1974 ሰኔ ላይ ፍሬኑ እየለቀቀ መሆኑን ለኃላፊዬ ነገርኩ፤ በቃልም በጽሑፍም። "ጭነቱ አስቸኳይ ነው፣ ተመለስና ይጠገናል" አለኝ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ፍሬን አልነበረኝም። በከባድ ማርሽ ይዤው ነበር፣ ዘሙሩድ። በአንደኛ። ይህን ከማንም በፊት አንቺ እወቂው። ሞተሩ ብቻውን አንድ ሺሕ ኩንታል የያዘ ይመስል እያለቀሰ ይዞኝ ወረደ፣ እስከ መጨረሻው ጠመዝማዛ ድረስ። እዚያ ተራራውን አስደግፌ አቆምኩት። ተሳቢው ተገለበጠ። ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ።

ወረቀት አመጡልኝ። "በዜሮ ማርሽ ለቀቅሁት" ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማለት ነው። ለሾፌር ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም፤ ቁልቁለትን በዜሮ የሚለቅ ሰው ሾፌር አይባልም። "ፈርም፣ ሥራህን አታጣም" አለኝ ኃላፊዬ። አንቺ አሥረኛ ክፍል ነበርሽ። ፈረምኩ። ሥራዬን አላጣሁም፤ ይኸው በር ሰጡኝ። መንጃ ፈቃዴ ግን ያ ወረቀት ውስጥ ቀረ። ቤት ያልመጣሁት ጭነት በዝቶ አይደለም። ወሰን ላይ ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁኛል። "በዜሮ የለቀቀው ነጅመዲን" እየተባለ ልጄ ፊት መሄድ አቃተኝ።

ወረቀት አይቆረጥምም ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ።

እንዳትፈርሚ አልልሽም፤ ፈርሚ ያልኩሽን ግን አንሥቻለሁ። እናትሽ ይህን ከኔ ትስማ፤ ከጉተማ እንዳትሰማ። አንብቢላት።

አባትሽ


ወሰን ሰፈር
ነሐሴ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባዬ፣

አነበብኩላት። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሐኑን ሳጥብለት እሱ እዚያ በር ሲጠብቅ" አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "ሻይ ማፍላት የት ተማረ?" ብላ ሳቀች። እያለቀሰች ነበር። የተቀየመችህ መኪናው ስለተገለበጠ አይደለም።

"ፈረምሽ ወይ?" ብለህ በጉተማ በኩል ልከሃል። ፈርሜያለሁ። የፈረምኩበትን ወረቀት ግልባጭ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ግለ ሂስ አይደለም። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ሁለት ክብ ሥዬበታለሁ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ። ከሥሩ የመኪና ከባድ ምን እንደሆነ፣ የብስክሌት ከባድ ምን እንደሆነ ጻፍኩ። እሑድ ግንቦት 12 ምን ተብሎ እንደተጮኸ፣ እኔም ምን እንዳስገባሁ ጻፍኩ። "የኔ ጥፋት አለ" ብዬም ጽፌያለሁ፦ "ዳገት መሐል እየተጫንኩ ማርሽ መቀየር እንደማይገባ እያወቅሁ ታዝዣለሁ።" ተነሥቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ስለ ስብሰባው ብዙ አልጽፍም። አስቴር መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች። "እኔንም ከባድ ብለውኝ ነበር፤ አልቀየርኩም" አለች። ጓድ ፀሐዬ ቀና ብለው አላዩንም። ኮሚቴው ከቡድኑ አስወጥቶኛል። ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ "አሻጥር" ከሚለው ቃል ጋር የኔም ገጽ አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ የሚያነበው ሰው ማርሽ ይማርበታል። ዩኒቨርሲቲውን አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽህም።

መስከረም 2 አደባባዩ ላይ አልገኝም። ልጆቹ ግን ልምምድ ላይ ላንድሮቨሩ ሲጠጋ ጮክ ብለው፣ "ጓድ፣ የመኪና ከባድ ነው የብስክሌት ከባድ?" ማለት ጀምረዋል አሉ። ጓድ ፀሐዬም አሁን "እንደሚመችሽ!" ብቻ ይላሉ። ጋሼ ባፈና ይህን ሲሰሙ መፍቻቸውን ጥለው ሳቁ። "አየሽ፣ አሠለጠንሻቸው" አሉኝ።

ትናንት ሌሊት ሕልሙ ተመልሶ መጣ። ዳገቱ፣ ጉሙ፣ የባሕር ዛፉ ጫፍ። በዚህኛው ግን አጠገቤ አንድ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ ያጓራ ነበር፣ እንደ ኤሊ፣ እኩል እኩል። ሾፌሩ ምንም አልጮኸም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ጉሙ ጎኑ ተቀምጧል።

አባዬ፣ አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብብ። ይህን ለኮሚቴው አላልኩትም፤ ላንተ ነው የምለው። እግሬ ለሚያውቀው ዳገት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማርሽ ሲመርጥልኝ ከእንግዲህ እሺ አልልም። ሌላ ሰው ለጮኸው ቃል ይቅርታ አልጠይቅም። ወሰን ላይ "በዜሮ የለቀቀው ነጅመዲን" የሚል ሰው ካለ እስኪበቃው እመልስለታለሁ፦ በአንደኛ ነው የያዘው፣ እስከ መጨረሻው ጠመዝማዛ።

አንተንም ቢሆን አልምርህም። በሩን ጻፍልኝ። ስንት ሰዓት እንደምትከፍተው፣ መዝጊያው ሲከፈት ምን እንደሚል፣ ጥላ የሚገኘው በየት በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ። ያልነዳኸውን መንገድ የሚተርክ ደብዳቤ ግን፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅህ
ዘሙሩድ ነጅመዲን